ሮቦት በኮሙናል ቤት፦ የልጆች ቡድን የመጀመሪያ የውድድር ዓመት

ሮቦታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ተሰጥቶት ነበር። በ11ኛው ሰከንድ ግድግዳውን ገጭቶ እዚያው ሲገፋ ቀረ። ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጣሪያው። ከትናንት ወዲያ ኮሙናላችን (የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች የጋራ ቤት) ውስጥ ደጋግሞ የሠራ ፕሮግራም ነው እኮ! ጥፋቱ የማን እንደነበረ ወደ ታች ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ለአሁኑ፣ የልጆቹ እንዳልነበረ ያዙልኝ።

የምንሰበሰበው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው። 7 ልጆች፣ አንድ የተዋስነው ኪት (የሮቦት መሥሪያ ቁርጥራጭ ሙሉ ሣጥን)፣ ሁለት ላፕቶፕ። ከላፕቶፖቹ የአንዱ ባትሪ ሞቷል፤ ሶኬት ካላገኘ አይነሳም። እንደኛ ከከተማው ጠርዝ ሆናችሁ፣ ቤተ ሙከራም ስፖንሰርም ሳይኖራችሁ ቡድን ማቋቋም ለምትፈልጉ ወላጆችና መምህራን ያለፍንበትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. መጀመሪያ ደንቡ፣ ኪቱ ከዚያ

ብዙ ሰው ኪቱን ካገኘ በኋላ ነው ውድድር የሚፈልገው። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው፤ ውድድሮቹ አይመሳሰሉማ። ፈርስት ሌጎ ሊግ በአንድ ቡድን እስከ 10 ልጅ ይቀበላል። ሮቦቱ ግን ከሌጎ፣ ማለትም እርስ በርሱ ከሚገጣጠመው የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ቁርጥራጭ ብቻ መሠራት አለበት። ወርልድ ሮቦት ኦሊምፒያድ በአንድ ቡድን የሚያሰልፈው 2 ወይም 3 ልጅ ነው። ሮቦሚሽን በሚባለው ምድብ ሮቦቱ ሲነሳ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም ከ25 ሴ.ሜ. መብለጥ የለበትም። በዚያ ላይ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ማንም ያልጠበቀው ተጨማሪ ሕግ ይነገራል። 8 ልጅ ሰብስባችሁ ለዚህኛው ብትመዘገቡ የተረፉትን ልጆች ምን ልትሏቸው ነው? ከምናለሽ ተራ በተገዛ የአሮጌ ፕሪንተር ሞተርና በአርዱዪኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የተሠራ ሮቦትም ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ሌጎ ብቻ የሚል ውድድር ላይ ግን ከበር ይመለሳል።

እኛ የገባንበት ውድድር የፈርስት ሌጎ ሊግን አካሄድ የሚከተል ስለነበር ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው። እዚያ ነጥቡ ለ4 እኩል ይከፈላል። ሮቦቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው ሩብ ነው። ሮቦቱ እንዴት እንደታሰበና እንደተሠራ ሩብ ነው። ልጆቹ የሚያጠኑት የችግር መፍቻ ፕሮጀክት ሩብ፣ በቡድን ሲሠሩ የሚያሳዩት ጠባይም ሩብ። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሦስቱን ሩብ ረስተን ሮቦት ስናሯሩጥ ከረምን።

ደንቡን እናንተ አንብባችሁ አትተርኩላቸው። ገጹን ከፋፍላችሁ ስጧቸው። እያንዳንዱ የደረሰውን አንብቦ ለሌሎቹ በአማርኛ ያስረዳ። ከዚያ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሮቦቱ መሃል ሜዳ ላይ ቢቆም በእጃችን ማንሳት እንችላለን?» መልሱ «እንችላለን፣ ግን እንቀጣለን» ነው። ዙሩ ሲጀመር ለቡድኑ 6 ምልክት ይሰጠዋል። ሮቦቱን ከመነሻው ክልል ውጭ በነካችሁ ቁጥር አንዱ ይወሰዳል። እስከ መጨረሻው የቆዩት ምልክቶች ወደ ነጥብ ይቀየራሉ። ይህን ያወቀ ልጅ እጁን ወደ ጠረጴዛው ከመስደዱ በፊት ያስባል።

2. ልጆቹ፣ ወላጆቹም

ከ6 እስከ 8 ልጅ ለአንድ ኪት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግማሾቹ ስልክ ሲነካኩ ታገኟቸዋላችሁ። ከክፍል አንደኛ የሚወጡትን ብቻ አትልቀሙ። የእኛ ምርጥ ሠሪ ትምህርት ላይ መካከለኛ የሚባል ልጅ ነው። አባቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠግናሉ። እሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብሎን ሲፈታ ያደገ ነው። አንዷ ደግሞ የሮቦት ነገር ብዙም አይስባትም፤ ሰው ፊት ቆማ ስታወራ ግን አፍ ታስከፍታለች። ፕሮጀክቱን ያቀረበችው እሷ ናት።

ወላጆችን አንድ ቀን ሰብስቡና ቡና እየተጠጣ ግልጽ ተነጋገሩ። ቀኑ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ሳይመሽ ሁሉም እቤቱ ይገባል። ከዚህ ሌላ ልጄን አስቀርተህብኝ የሚል ወቀሳ እንዳይመጣ ተነጋግራችሁ ተፈራረሙ። «ለሚኒስትሪ ፈተና ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። እውነቱን ንገሯቸው፤ በቀጥታ አይጠቅመውም። የ8ኛ ክፍል ልጆች ካሏችሁ የልምምዱን ሰዓት ከፈተናው ወቅት አርቁት። እኔ መጀመሪያ ላይ «ሒሳቡን ያሻሽልለታል» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲመጣ አንዲት እናት ካርዱን ይዘው ኮሙናሉ በር ላይ ጠበቁኝ።

ረዳት ካስፈለጋችሁ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ አካባቢ ላለነው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። የምህንድስና ተማሪ አግኝታችሁ በወር ሁለት ቅዳሜ እንዲያግዝ ለምኑ። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቁት፦ እጁን ኪሱ ውስጥ ያድርግ። ሮቦቱን የሚነካው ልጅ ነው። ኮዱን የሚጽፈውም ልጅ ነው። ዳኞች ልጆቹን ሲጠይቁ ማን እንደሠራው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይገባቸዋል።

3. ቦታና ጠረጴዛ

ኮሙናል ቤቱን ለማግኘት የብሎኩን ኮሚቴ በደብዳቤ ጠይቁ። በቃል የተፈቀደ ነገር ጥበቃው ሲቀየር ይረሳል። መቀመጫ የእድር አግዳሚ ነው። ችግሩ ያለው ኮሙናል የሁሉም ቤት መሆኑ ላይ ነው። ሐዘን ከተፈጠረ ወይም ድግስ ካለ ቅዳሜያችሁ የለም፤ ጠረጴዛችሁም መነሳት አለበት። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከእግሩ ጋር አትምቱት። ከላይ ያለው ሜዳ ለብቻው ተሠርቶ በሁለት አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፤ ሲያስፈልግ ግድግዳ ላይ ይደገፋል።

የሜዳው ልክ ከውስጥ 236 በ114 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። 244 በ122 የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፖርሳቶ ይበቃል። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ከ6.4 እስከ 9 ሴ.ሜ. ከፍታ ያለው ጣውላ ይመታል። ውፍረቱ ከ3.8 ሴ.ሜ. እንዳይበልጥ ለአናጺው አስምሩበት፤ ከበለጠ ሜዳው ላይ የሚነጠፈው የውድድሩ ምንጣፍ አይገባም። የእኛ አናጺ ሥዕሉን አይቶ «የሕፃን አልጋ ነው?» አለኝ። ሲጨርስ በውሃ ልክ አስለኩት። ሜዳው ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ሮቦቱ በየጊዜው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ልጆቹም ኮዱ ውስጥ የሌለ ስህተት ሲፈልጉ ይውላሉ።

ኪቱን በተመለከተ፣ ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል። ከመግዛት በፊት መዋስን ሞክሩ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት፣ ኪት ገዝተው ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፉበት ትምህርት ቤቶችም አሉ። የእኛ የሌጎ ስፓይክ ፕራይም ነው። 528 ቁርጥራጭ አለው፤ ከሦስት ሞተርና ከሦስት ሴንሰር ጋር። ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ።

4. ሮቦቱ አጭር፣ ሰፊና ቀላል ይሁን

ልጆቹ መጀመሪያ የሠሩት ሮቦት ሁለት ክንድና ረጅም አንገት ነበረው። ሲያዩት ያስፈራል። ሲዞር ይወድቃል። እንዲያፈርሱት አላዘዝኳቸውም። 10 ጊዜ አዙሩትና ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቁጠሩ አልኳቸው። 6 ጊዜ ወደቀ፤ ራሳቸው አፈረሱት።

ለመጀመሪያ ዓመት ሁለት ጎማና ከኋላ አንድ ተንሸራታች ኳስ ይበቃል። ከባዱ ክፍል፣ ባትሪውንና የሮቦቱን አንጎል የያዘው ሀብ፣ ከሁለቱ ጎማዎች በላይ ይቀመጥ። ጎማው ላይ ክብደት ካላረፈ ይንሸራተታል። ገመዶቹ ታስረው ይግቡ። ተልዕኮ (ጠረጴዛው ላይ ነጥብ የሚያስገኝ ሥራ) የሚሠሩት ክንዶች በሁለት ፒን (ትንሽ የሌጎ ማያያዣ) የሚገቡና የሚወጡ ይሁኑ። ክንድ ለመቀየር 20 ሰከንድ ከፈጀባችሁ ሦስት ጊዜ ስትቀይሩ አንድ ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ያላችሁ ደግሞ ሁለት ተኩል ነው።

5. በግምት አትንዱት፣ አስሉት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ይኼ ነው። ልጆች መጀመሪያ የሚጽፉት «3 ሰከንድ ወደፊት» የሚል ነው። ባትሪው ሲደክም 3ቱ ሰከንድ አጭር መንገድ ይሆናል። በሰከንድ ፋንታ በጎማ ዙር ይቁጠሩ።

የጎማችን ዲያሜትር 5.6 ሴ.ሜ. ነው። በ3.14 ሲባዛ 17.6 ሴ.ሜ. ይሆናል። ጎማው አንዴ ሲዞር ሮቦቱ ይህን ያህል ይሄዳል ማለት ነው። 88 ሴ.ሜ. መሄድ ከፈለጋችሁ 88 ለ17.6 ሲካፈል፣ 5 ዙር። 7ኛ ክፍል የተማሩት ሒሳብ ድንገት ሥራ ሲያገኝ የልጆቹን ፊት ማየት ነው።

መታጠፊያውም እንዲሁ ይሰላል። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት 11.2 ሴ.ሜ. ነው እንበል። ሮቦቱ ባለበት ሙሉ ክብ ሲዞር እያንዳንዱ ጎማ 11.2 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 35.2 ሴ.ሜ. ይሄዳል። ሩብ ክብ ለመታጠፍ 8.8 ሴ.ሜ. ነው። እሱ ደግሞ ልክ የጎማው ግማሽ ዙር ነው። የእናንተ ሮቦት ልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በማስመሪያ ለክታችሁ ቁጥሩን ቀይሩ።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሮቦቱ ቢስትም አትደንግጡ። ሲነሳ በ1 ዲግሪ ብቻ ከተጣመመ 1 ሜትር ሲሄድ 1.7 ሴ.ሜ. ይስታል። በ5 ዲግሪ ወደ 9 ሴ.ሜ. ይጠጋል። ለዚህ ሦስት መላ አለን። አንደኛ፣ ሲነሳ በዓይን አታስቀምጡት። ከሌጎ ማስደገፊያ ሥሩለት፤ ሁልጊዜ እዚያ ተደግፎ ይነሳ። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ጀርባውን ግድግዳ ላይ በቀስታ ያሳርፍ፤ የተጣመመው ይቃናል። ሦስተኛ፣ ሀቡ ውስጥ ያለውን ጋይሮ፣ ሮቦቱ ምን ያህል እንደዞረ የሚለካውን ሴንሰር፣ ተጠቀሙ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ግን ሮቦቱ ፍጹም መንቀሳቀስ የለበትም፤ ያኔ ከነካችሁት አቅጣጫው ይዛባበታል።

አሁን ወደ 11ኛው ሰከንድ። ፕሮግራማችን «ጥቁሩ መስመር ላይ እስክትደርስ ሂድ» ይላል። የቀለም ሴንሰሩ ከምንጣፉ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካል፤ ኮሙናል ውስጥ ጥቁሩን 12፣ ነጩን 88 ያነባል። አማካዩ 50 ስለሆነ ከ50 በታች ካነበበ ቁም ብለናል። ከልጆቹ አንዷ «ቁጥሩን እዚያ ስንደርስ እንደገና እንለካ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አያስፈልግም አልኩ። የውድድሩ አዳራሽ መስኮቱ ትልልቅ ነው። የጠዋት ፀሐይ ጠረጴዛችን ላይ ወድቋል። በፀሐዩ ጥቁሩ መስመር 55 ሆኖ ተነበበ። ሮቦቱ መስመሩን አላየውም፤ ግድግዳው ጋ ደረሰ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ሴንሰሩን በሌጎ ጡብ ዙሪያውን ከልሉት፤ ከምንጣፉም ከ1 እስከ 2 ሴ.ሜ. ብቻ ከፍ ይበል። ከዚያ አንድ አጭር የመለኪያ ፕሮግራም ይኑራችሁ። ነጭ ላይ አስቀምጦ ያነባል፣ ጥቁር ላይ አስቀምጦ ያነባል፣ አማካዩን ይይዛል። የልምምዱ ሰዓት ሲፈቀድላችሁ ቀድማችሁ ይህን አሂዱ። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁንም አልፎ አልፎ ታስታውሰኛለች።

6. ትንሽ ተልዕኮ፣ ሁልጊዜ የሚሠራ

ጠረጴዛው ላይ ከደርዘን በላይ ተልዕኮ ሊኖር ይችላል። ሁሉንም አትሞክሩ። ከመነሻው የሚቀርቡትን፣ መግፋት ወይም መጎተት ብቻ የሚጠይቁትን 3 ወይም 4 ምረጡ።

ከዚያ ደብተር አውጡ። ለእያንዳንዱ ተልዕኮ 10 ሙከራ፤ የተሳካው ምልክት፣ ያልተሳካው ከነምክንያቱ። «ኧረ ይሠራል» የሚባል ነገር የለም። 8 ከ10 ጥሩ ይመስላል አይደል? እስቲ እናባዛው። 8 ከ10 የሚሠሩ ሦስት ተልዕኮዎች ተከታትለው ሁሉም የሚሳኩት ከ100 በ51 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይ ሰው እንደማለት ነው። ሦስቱም ከ100 95 ጊዜ ቢሠሩ ወደ 86 ይደርሳል። አዲስ ተልዕኮ ከመጨመር ያለውን ማጥበቅ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ውድድሩ 3 ሳምንት ሲቀረው አዲስ ክንድ መሥራት ይቁም። በዚህ ላይ ከልጆቹ ጋር ትጣላላችሁ። ተጣሉ።

7. ፕሮጀክቱን ከሰፈር ፈልጉት

የየዓመቱ ጭብጥ ከውድድሩ ጋር ይመጣል፤ ችግሩን ግን ከግቢያችሁ አውጡት። የእኛ ልጆች መጀመሪያ ስለ ውቅያኖስ ፕላስቲክ ሊያጠኑ ፈለጉ። ባሕር ያየ ማንም የለም። «እናታችሁን ሌሊት ምን ይቀሰቅሳታል?» አልኳቸው። ውሃ! ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት። ያልነቃ አይቀዳም፤ ቧንቧ ከፍቶ የተኛ ደግሞ ታች ያለውን ጎረቤት ያጥለቀልቃል።

የሠሩት ነገር ቀላል ነው። ባልዲ ውስጥ የሚንሳፈፍ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ከፍ ሲል የሚጫነው ማብሪያ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚጮህ ደወል። ከዚያ በየደጁ እየዞሩ 20 ቤት ጠየቁ። ስንት ሰዓት ይነሳሉ? ስንት ጀሪካን ይሞላሉ? አንዲት እትዬ «ደወሉ ባለቤቴን እንዳይቀሰቅስ» ስላሏቸው ድምፁን መቀነሻ ጨመሩበት። ዳኞቹን ከሁሉም በላይ የሳባቸው ይህ ነው፤ ሰው ጠይቀው፣ የተነገራቸውን ሰምተው መቀየራቸው።

ለማቅረብ ያለው 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ሮቦቱን ለማስረዳትም እንዲሁ፤ ጥያቄና መልሱ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይሆናል። እድር ሲሰበሰብ ፈቃድ ጠይቃችሁ ልጆቹ እዚያ ፊት ይለማመዱ። ከእድር ሽማግሌ የባሰ ጠያቂ ዳኛ የለም።

8. መብራት ሲጠፋ

ይጠፋል። ሀቡም ላፕቶፑም አርብ ማታ ይሞላ፤ ተራ የገባው ልጅ ወላጅ ይፈርምበት። ፕሮግራሙን በየቅዳሜው በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ ፍላሽ ላይም ገልብጡ። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻ መጨረሻው» የሚል ስም ክልክል ነው፤ ቀኑን ጻፉበት። መብራት የሌለበት ቅዳሜ የፕሮጀክት ቀን ይሁን።

9. የውድድሩ ቀን

ከዳር ሰፈር ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ድረሱ ከተባላችሁ 12 ሰዓት ተነሱ። አንድ ሚኒባስ ቀድማችሁ ተኮናተሩ። ሮቦቱ በካርቶን፣ ዙሪያው በጋቢ ተጠቅልሎ በልጅ ጭን ላይ ይሂድ። ማከፋፈያ ሶኬት ያዙ፤ አዳራሽ ውስጥ ሶኬት ለማግኘት ሰልፍ አለ። ቆሎ፣ ውሃ፣ የጾም ከሆነ የምስር ሳምቡሳ።

ብዙውን ጊዜ 3 ዙር ይኖራችኋል፤ የሚያዘውም ከፍተኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲበላሽ አትጩኹ። እኛ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ሁለት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያቺው ልጅ ላፕቶፑን ከፈተች። ነጩንና ጥቁሩን እንደገና ለካችና ቁጥሩን ቀየረች። በሁለተኛው ዙር ከመረጥናቸው 4 ተልዕኮዎች 3ቱ ሠሩ። በሦስተኛው ሁለቱ። ዋንጫ አልወሰድንም።

በትርፍ ሰዓት ልጆቹን ወደ ሌሎች ቡድኖች ላኳቸው። ሄደው ክንዳቸውን እንዴት እንደሚገጥሙ ይጠይቁ፣ የራሳቸውንም ያሳዩ። የጠባይ ነጥቡ ከዚያም ይመጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሐሳብም እንዲሁ።

10. ኪቱን መመለስ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮቦቱን አፍርሳችሁ ቁርጥራጩን ቁጠሩ። አንዳንድ ልጅ ያለቅሳል፤ መጀመሪያ ፎቶ አንሱላቸው፣ ከየአቅጣጫው፣ ለከርሞ እንደገና እንዲሠሩት። እኛ እድር አግዳሚው ላይ በቀለም በቀለም ደርድረን ቆጠርን። 525 ሆነ። ሁለቱ ከአንድ ልጅ ጃኬት ኪስ ወጡ። ሦስተኛዋን፣ ትንሽ ጥቁር ፒን ናት፣ የምጣድ ጠጋኙ ልጅ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አንስቶ ከሥሩ አገኛት።